ባለ አንድ ዘንባባ

አያቴ በኅዳር ሚካኤል ቤተ ክርስቲያን አይሄድም ነበር። የእንፍራንዝ ሰው ነጭ በነጭ ሆኖ ሲወጣ እሱ ደጃፋችን ካለው የድንጋይ መደብ ላይ ይቀመጥና ጋቢውን እስከ አፍንጫው ስቦ መንገደኛውን ይቆጥራል። የጠየቀው ሁሉ የሚያገኘው አንድ መልስ ነው፦ «እግሬን ይዞኛል።» እግሩ ግን በዓመት አንድ ቀን ብቻ ነበር የሚይዘው። በማግሥቱ ፍየሎቹን ነድቶ ወደ ጉዛራ ዳገት ሲወጣ እኛ ልጆች በሩጫም አንደርስበትም።

ሚያዝያ 27 ሲመጣ ደግሞ ሌላ ሰው ይሆናል። ካኪ ኮቱ ይራገፋል፣ ሜዳሊያው በአመድ ይታሻል። ትምህርት ቤታችን ድረስ መጥቶ ከሌሎቹ አርበኞች ጋር ሰንደቅ ዓላማው ሥር ይቆማል። መምህራችን «አምስት ዓመት በዱር በገደል» ሲሉ አንገቴን የማቀናው እኔ ነበርኩ። የሱ የልጅ ልጅ ነኛ! በ1966 ዓ.ም. ሲሞት ዐሥር ዓመት ሞልቶኛል። በቀብሩ ላይ ተፎክሮለታል፣ ጥይትም ተተኩሶለታል።

አንድ ነገር ግን ያኔም አለ። ፍየሎቹን ሲነዳ «አቫንቲ! አቫንቲ!» ይላል። ሲቆጣ «ባስታ!» ብሎ ነው የሚያበቃው። እኛም ከእሱ ለምደን እርስ በርሳችን «አቫንቲ» እንባባል ነበር። አምስት ዓመት ጫካ ከርሞ የወጣ ሰው ጣልያንኛውን ከዝንጀሮ ነው ወይ የተማረው ብሎ የጠየቀ ግን ከቤታችን አንድም አልነበረም። እኔም አልጠየቅሁም።

በ1988 ዓ.ም. ጥቅምት ላይ፣ እዚያው እንፍራንዝ የእንግሊዝኛ መምህር ሆኜ ሳለሁ፣ ጉዛራን ለማየት አንድ ጀርመናዊ መጣ። የውጭ አገር ሰው መኪና ሲቆም ልጆቹ እኔን መጥራት ልማዳቸው ነበርና ይዤው ወጣሁ። ጉዛራ አፄ ሠርፀ ድንግል በ16ኛው መቶ ዘመን ያሠሩት ቤተ መንግሥት ነው፤ አፄ ፋሲል ጎንደርን ከመቆርቆራቸው በፊት የነበረ ማለት ነው። ከኮረብታው ጫፍ ሲቆሙ ጣና ከሥር ተዘርግቶ ይታያል። ጀርመናዊው ሃምሳ ዓመት ገደማ የሚሆነው፣ ዝምተኛ ሰው ነበር። ግንቡን ዞሮ ሲጨርስ ከፈረሰው ግድግዳ ላይ ተቀመጠና ከታች ያለውን የመኪና መንገድ እያየ «ይህን የሠራው ጣሊያን ነው?» አለኝ። መንገዱን መጀመሪያ ያወጣው ጣሊያን ነው አልኩት።

ከዚያ ስለ ራሱ አያት አወራኝ። አያቱ ሁለቱንም የዓለም ጦርነቶች የተዋጋ ወታደር ነበር። ከመጀመሪያው ጦርነት የቀረለት ፎቶግራፍ ብቻ ነው፤ የፕሩሲያ ጦር የሰው መዝገብ በሚያዝያ 1945 እንደ ፈረንጅ ፖትስዳም በአውሮፕላን ስትደበደብ ተቃጥሏል። የባየርን ሰው ቢሆን ኖሮ መዝገቡ ሙኒክ ይገኝለት ነበር። ለሁለተኛው ጦርነት ግን በርሊን ውስጥ የጀርመን ወታደር የአንገት ቁጥርና የክፍለ ጦሩ ስም የተመዘገበበት መሥሪያ ቤት ነበረ። ደብዳቤ ጽፎ ከአንድ ዓመት በላይ ጠብቆ ሦስት ገጽ ወረቀት መጣለት። የት የት እንደነበረ፣ መቼ እንደቆሰለ፣ የት ሆስፒታል እንደተኛ፤ በቀን ተቆጥሮ።

«ፖስታው ከመጣ በኋላ ሳልከፍተው ሁለት ሳምንት አስቀመጥኩት» አለኝ።

ለምን እንደሆነ አልገባኝም። አሁን ይገባኛል።

«ያንተስ አያት?» አለኝ።

«አርበኛ ነበር። አምስት ዓመት።»

«በማን ሥር?»

የጠየቀኝ ለማወቅ ነው፤ ሌላ ነገር አልነበረበትም። እኔ ግን ላብ አጠመቀኝ። በማን ሥር? ከአፌ የወጣው የማውቀው ትልቁ ስም ነው፦ «ከአሞራው ውብነህ ጋር።» አሞራው የተዋጋበት አርማጭሆ ከእንፍራንዝ የት ነው! ጎንደርን ተሻግሮ ማዶ። ሰውዬው ማስታወሻ ደብተሩን አውጥቶ ውሸቴን በጥንቃቄ ጻፈው።

ያን ዕለት ማታ አባቴ ዘንድ ሄጄ የብስኩቱን ቆርቆሮ አስወረድኩ። ውስጡ ሁለት የመሬት ግብር ደረሰኝ፣ አንድ የተሰበረ መነጽርና ሜዳሊያው አለ። ጥብጣቡ ቀለሙን ለቆ የቡና ቅራሪ መስሏል። በጥብጣቡ ላይ ከብረት የተሠራች አንዲት የዘንባባ ዝንጣፊ ተሰክታበታለች። በልጅነቴ የማውቃት ናት፤ ጌጥ ትመስለኝ ነበር።

«አባዬ፣ አባባ የት ነው የተዋጋው?»

«የት አልተዋጋም በለኝ!» አለ አባቴ። ከዚህ በላይ አልወጣውም። እሱ በ1934 የተወለደ ሰው ነው፤ የሚያውቀው የነገሩትን ነው።

ወረቀት ፍለጋው እንዲህ ተጀመረ። ወደ አንድ መሥሪያ ቤት ሄድኩ፤ ከቀበሌ ደብዳቤ አምጣ ተባልኩ። ቀበሌው ደብዳቤ የምጽፍልህ ከዚያ መሥሪያ ቤት ጥያቄ ሲመጣልኝ ነው አለ። ሁለቱን ደብዳቤዎች ለማገናኘት ሦስት ወር ፈጀሁ፤ ሲገናኙ የአያቴ ስም ካለው መዝገብ ላይ የለም ተባልኩ። ስሙ እንዳይኖር ያደረገው አያቴ ይሁን መዝገቡ ያኔ አልታየኝም።

በዚያው ዓመት ክረምት ለዲግሪ የክረምት ትምህርት አዲስ አበባ ገባሁ። ከክፍል ሲወጡ ጓደኞቼ ወደ ፒያሳ፣ እኔ ወደ ስድስት ኪሎው የኢትዮጵያ ጥናትና ምርምር ተቋም ቤተ መጻሕፍት፣ አልያም ወደ ወመዘክር። ስለ አያቴ አንድ ቃል አላገኘሁም። ስለ አገሬ ግን ሳላውቀው የኖርኩትን አገኘሁ። ስታራቼ የሚባለው የፋሽስት ፓርቲ አለቃ በመኪና የተጫነ ጦሩን ይዞ ጎንደር የገባው መጋቢት 23 ቀን 1928 ነው፤ አዲስ አበባ ከመያዟ አንድ ወር ቀደም ብሎ። ንጉሠ ነገሥቱ አዲስ አበባ በገቡበት በሚያዝያ 27 ቀን 1933 ደግሞ ጎንደር ላይ የጣሊያን ባንዲራ ይውለበለብ ነበር። የጣሊያኑ ጄኔራል ናሲ ጎንደርን ያስረከበው ኅዳር 18 ቀን 1934 ነው። ወደ ሰባት ወር ያህል ልዩነት አለው። እኛ ትምህርት ቤት ሚያዝያ 27ን «የድል ቀን» እያልን ስንዘምር ያ ድል ገና እኛ ሰፈር አልደረሰም ነበር። ይህን የነገረኝ አስተማሪ የለም፤ እኔም አስተማሪ ሆኜ ለማንም አልነገርኩም።

ቢገርማችሁ ዋናውን ነገር ያወቅሁት ከመጽሐፍ አይደለም። የክፍል ጓደኛዬ የተከራየበት ግቢ ባለቤት አባት የሸዋ አርበኛ ነበሩ። አንድ እሑድ ጠላ ቀርቦልን ሳለ ሜዳሊያውን ከኪሴ አውጥቼ አሳየኋቸው። ዓይናቸው ደክሟል፤ በአውራ ጣታቸው ዳበስ ዳበስ አደረጉት።

«ባለ አንድ ነው» አሉ።

«ምኑ?»

«ዘንባባው። ላንድ ዓመት አንድ ዘንባባ ነው። የእኔ ባለ አምስት ነው።» ወደ ጓዳ ተጣሩ፤ ልጃቸው ፍሬም ውስጥ ያለ ሜዳሊያ ይዛ መጣች። አምስቱ ዘንባባዎች አንዱ ካንዱ ላይ ተደርድረዋል።

እኔ ዝም አልኩ። ሽማግሌው ዝምታዬን አይተው ነገሩን ለማለዘብ ፈለጉ መሰለኝ፣ «ያም ቢሆን አርበኛ ነው፤ የድል አጥቢያ አርበኛ» አሉኝ። ለመካስ ብለው ነው። እኔ ግን በጥፊ የተመታሁ ያህል ነበር የተሰማኝ። የድል አጥቢያ አርበኛ ማለት በአማርኛ ምን እንደሆነ የማያውቅ የለም፦ ጣሊያን ሲወድቅ፣ ነገር ሲያልቅ፣ ሌሊቱ ሊነጋ ሲል ጠመንጃ ያነሣ። በኋላም የሚፎክረውና የሚሾመው እሱ ነው እየተባለ ይተረታል። ጠላዬን ሳልጨርስ ተነሣሁ። እስካሁን ይቆጨኛል፤ ሽማግሌውን በወጉ ሳልሰናበት ነው የወጣሁት።

እንፍራንዝ ስመለስ አንድ ነገር ብቻ ነበር የቀረኝ፦ በዚያ ዘመን የነበረ፣ አያቴን በስም የሚያውቅ፣ የእኛ ዘመድ ያልሆነ ሰው መፈለግ። ዘመድ ያልሆነ ያልኩት ዘመድ እንደማይነግረኝ ስለገባኝ ነው። አንድ ዘመዴ ዘንድ ብሄድ «የውስጥ አርበኛ ነበር፤ ለጣሊያን እየሠራ ወሬ ያቀብል ነበር» ብሎኛል። የውስጥ አርበኞች ነበሩ፤ ታሪካቸውም የሚያኮራ ነው። ዳሩ ግን በየቤቱ አንዳንድ የውስጥ አርበኛ ቢኖር ኖሮ ጣሊያን አምስት ዓመት ቀርቶ አምስት ወር አይቆይም ነበር።

በ1989 ኅዳር ወር መግቢያ ላይ ቁልቋል በር አካባቢ አንድ አዛውንት እንዳሉ ሰማሁ። ቁልቋል በር ከእንፍራንዝ ብዙ የማይርቅ ነው። ስሙ እንደሚለው በር ነው፤ ከደብረ ታቦር በኩል ወደ ጎንደር የሚያልፈውን መንገድ ዳገቱ አንቆ ይይዘዋል። እዚያ ላይ መትረየስ የጠመደ ሰው ጎንደርን በእጁ ይዟል ማለት ነው። ጣሊያኖች «ኩልኳልቤር» ብለው በየመጽሐፋቸው ጽፈውታል። በ1933 ሐምሌ መጨረሻ ላይ እዚህ ምሽግ ውስጥ የገባው ጦር በኮሎኔል ኡጎሊኒ የሚመራ ነበር፦ ካራቢኔሪ፣ ጥቁር ሸሚዝ ለባሾች፣ የ67ኛው ሻለቃ አስካሪዎች፣ ማለት ጣሊያን ከቅኝ ግዛቱ የመለመላቸው ወታደሮች። ከዚያ በቀር በየመዝገቡ ስሙ ያልተጻፈ ባንዳ።

አዛውንቱ ከቤታቸው ጥግ ባለ የወይራ ጥላ ሥር ጋቢ ለብሰው ተቀምጠዋል። ቡና እስኪፈላ ስለ ዘሩ፣ ስለ ሰብሉ ተጠያየቅን። ከዚያ የአያቴን ስም ጠራሁ። ቀና ብለው ፊቴን በደንብ አዩትና፦

«ግንባርህ የሱ ነው» አሉ። «ምን ልታደርገው ነው?»

«ልወቀው ብዬ ነው፣ አባቴ። አንቱ ያውቁታል ብለውኝ።»

«ቢጣፍጥም ቢመርም ትጠጣዋለህ?»

«እጠጣዋለሁ።»

እንዲህ ነው የነገሩኝ፤ ያላሉትን አልጨመርኩም፣ ያሉትን አልቀነስኩም።

አያቴ ጣሊያን ሲገባ ገና ጎጆ የወጣ፣ ሁለት በሬ ያለው ገበሬ ነበር። አዛውንቱ ደግሞ ከ1929 ጀምሮ ከአርበኞች ጋር በዱር ነበሩ። አርበኛ ይበላል። ስንቅ የሚልክለት መንግሥት የለው፣ ገበሬው ቤት ሌሊት ይመጣል። አንድ ሌሊት ዐሥራ ስምንት ሆነው አያቴ ቤት ገቡ። ቤት ውስጥ ያለው እንጀራ አልበቃም። ከጋጣው አንዱን በሬ አውጥተው አረዱት።

«በሬውን ከበሉት አንዱ እኔ ነኝ» አሉ አዛውንቱ። «ጉበቱን እኔ ነኝ የጠበስኩት። አያትህ ምድጃው አጠገብ ቆሞ ያየን ነበር፤ አንድ ቃል አልተናገረም።»

ባንድ በሬ አይታረስም። ጎረቤቱ በሬ ሊያቀናጀው አልደፈረም፤ ለሽፍታ ያበላ ተብሎ ጣሊያን ቤቱን እንዳያቃጥልበት ፈርቷል። አያቴ ወደ ጣሊያን የመንገድ ሥራ ወረደ፤ ድንጋይ ተሸከመ፣ ሊሬ ተከፈለው። ከድንጋይ ወደ ጠመንጃ ማለፍ ሩቅ መንገድ አይደለም፤ የሚከፈለውም ይበልጣል። በ1930 ባንዳ ገባ። ብቻውን አልገባም፤ ሚዜው አብሮት ገባ።

«ክፉ ባንዳ ነበር?» አልኩ። ይህን ጥያቄ ለመጠየቅ ስንት ቀን እንደተለማመድኩ እኔ ነኝ የማውቅ።

«ክፉ አልነበረም። ደግም አልነበረም። ጠመንጃ የያዘ ሰው ነበር።»

ቡናው ሁለተኛ ተቀዳ። አዛውንቱ ወደ ቁልቋል በር ዳገት በከዘራቸው እያመለከቱ ቀጠሉ። ንጉሡ አዲስ አበባ መግባታቸው ተሰማ፤ ክረምቱ መግቢያ ላይ ደብረ ታቦርም እጁን ሰጠ። ያን ጊዜ አያቴ ምንሽሩን ይዞ አንድ ሌሊት ወደ አርበኞቹ መጣ። ሚዜው ግን አልመጣም። ለምን? አዛውንቱ ትከሻቸውን ነቀነቁ። «ቃሌን ሰጥቻለሁ አለ ይባላል። ፈራም ይባላል። ከዚህ ወዲያ ብትመጣ የሚምርህ የለም ያሉትም አሉ።»

«እናንተስ አያቴን ማራችሁት?»

ሳቁ። ጥርስ የሌለው ሳቅ። «ከፊት አሰለፍነዋ! በየውጊያው ከፊት።»

በመስቀል ሰሞን በደባርቅ በኩል ያለው የወልቸፊት ምሽግ ወደቀ ተባለ። ቁልቋል በር ግን እንቢ አለ። ኅዳር 4 ቀን የእንግሊዝ ጦርና አርበኞች አብረው ወጡበት፤ ተመለሱ። ከእንግሊዝ ጋር የመጣው ጦር አብዛኛው ጥቁር ነበር፤ ከኬንያና ከሌላም የምሥራቅ አፍሪካ አገር የተመለመለ። አዛውንቱ ስለነሱ ሲያወሩ ድምፃቸው ይለዝባል፦ «እንደኛው ጠቁረው እንደኛው ይራባሉ፤ ቋንቋ የለንም፣ በጥርስ ነው የምንግባባ።» ከዚያ በኋላ ጥቂት ቀን መድፍና አውሮፕላን ዳገቱን ፈጨው። ኅዳር 12 ጎሕ ሳይቀድ ባራቱም በኩል ተወጣ። የሚካኤል ለት።

«ጉም ነበር፣ ጢስ ነበር፤ ሰው ከሰው አይለይም። ከቀትር በኋላ ነው ነጭ ጨርቅ የተሰቀለው። አያትህን ያየሁት ያኔ ነው። ሁሉ ሰው ይዘርፋል፤ ጫማ፣ ሰዓት፣ ጠመንጃ፣ ጣሳ። እሱ ሬሳ ያገላብጣል። አንዱን ገልብጦ ያያል፣ ወደ ሌላው ይሄዳል። ገልብጦ ያያል፣ ይሄዳል። ምን ጠፋህ አልኩት፤ አልመለሰልኝም።»

ሚዜውን ያገኘው ሲመሽ ነው። ከዳገቱ ጀርባ፣ ከቁልቋሎቹ ሥር፣ ከሌላ አንድ አስካሪ ጋር ሆኖ። አያቴ ጋቢውን አውጥቶ ገነዘው፤ በተሰበረ የጣሊያን አካፋ ቆፈረ። አስካሪውንም አብሮ ቀበረው። ፍትሐት የለ፣ ቄስ የለ። ጎንደር በስድስተኛው ቀን ስትወድቅ ከገቡት አርበኞች ጋር አያቴ አልነበረም። እንፍራንዝ ተመልሶ መጥቶ ነበር።

ዝምታው ረዘመ። ቡናው በረካ ላይ ደረሰ።

«ማን ነው የገደለው?» አልኩ።

አዛውንቱ ይህን ጥያቄ እየጠበቁት ነበር መሰለኝ ወዲያው ነው የመለሱት፦ «ከፊት ያሰለፍነው እኛ ነን። እሱን ጠይቅ እንጂ ሌላውን አትጠይቅ።»

ስሰናበት እጄን ይዘው አቆዩኝ። «በሬውን ግን አልከፈልነውም» አሉኝ።

ከብዙ ዓመት በኋላ ያወቅሁት ነገር አለ። ጣሊያኖች ቁልቋል በርን አልረሱም። የካራቢኔሪ ሰንደቅ ዓላማ ስለዚያ ውጊያ የወርቅ ሜዳሊያ ተሸልሟል። ጳጳሱ ፒዮስ 12ኛ እንደ ፈረንጅ በ1949 ድንግል ማርያምን የካራቢኔሪ ጠባቂ ሲያደርጉ በዓሉ የሚውለው ኖቬምበር 21 ነው ተባለ፤ የቁልቋል በር ቀን። ያ ቀን በአብዛኛው ዓመት በእኛ ኅዳር 12 ነው። ማለት በዚያ ቀን በሮም ሰልፍ ሲወጣ፣ ቅዳሴ ሲቀደስ፣ እዚህ እኛ ዘንድ የሚካኤል ታቦት እየዞረ ነው። አዲስ አበባ ደግሞ ኅዳር ይታጠናል። ቁልቋሎቹ ሥር ለተኙት ባንዳና አስካሪ ግን ሰልፍ ያወጣ አገር የለም፤ የኛዎቹም የነሱም አይደሉማ። እኔ ባንዳ ይወደስ የምል ሰው አይደለሁም። ባንዳ ያቃጠለው ቤት፣ የሰቀለው ሰው በየሰፈሩ አለ፤ ልጆቻቸውም አሉ። ግን ሟቹን የቀበረው ማን እንደሆነ ማወቅ መወደስ አይደለም።

ከአዛውንቱ ስመለስ የምጠይቃቸው የቀሩኝ የአያቴ ሚስት ነበሩ። መንኩሰው እማሆይ ተብለው ከእንፍራንዝ ቤተ ክርስቲያን አጥር ጥግ ባለች ጎጆ ይኖሩ ነበር። በዚያው ወር፣ ኅዳር 11 ማታ ሄድኩ። ሽሮ እየነፉ ነበር። ከእሳቸው ፊት ወንፊቱን እያየሁ፣ ዓይናቸውን ሳላይ፣ «እማሆይ፣ የአባባ ሚዜ ማን ነበር?» አልኩ።

ወንፊቱ ቆመ።

«ማን ነገረህ?»

የነገሩኝን ሰው ጠራሁ። ረጅም ጊዜ ዝም ብለው ሽሮውን በእጃቸው ሲያስተካክሉ ቆዩ። ከዚያ ሳቅ የመሰለ ነገር ፊታቸው ላይ መጣና፦

«እኔን ከእናቴ ቤት በጀርባው አዝሎ ያወጣኝ እሱ አይደል? ዐሥራ አራት ዓመቴ ነው። አለቅስ ነበር። ‹አንቺ ልጅ፣ ቀስ በይ፣ ጆሮዬን ቀደድሽው› ይለኝ ነበር።»

ለዓመታት ሲከነክነኝ የነበረ ሌላም ነገር ያን ማታ ተፈታ። በልጅነቴ ኅዳር 12 ከቤታችን ለሚካኤል ዝክር ይወጣ ነበር፤ አንድ መሶብ እንጀራ ከነወጡ፣ አንድ ገንቦ ጠላ። አያቴ ከመደቡ ላይ ሳይነሣ ዝክሩ ሲወጣ በዓይኑ ይሸኘዋል። እኔ የሚካኤል ማኅበርተኛ ስለሆንን ይመስለኝ ነበር። ማኅበርተኞች አልነበርንም።

«የሚያዘኝ በሌሊት ቀስቅሶ ነው» አሉ እማሆይ። «‹ለዚያ ሰው› ይላል። ስሙን አይጠራም። እኔም አልጠራም። ዝክሩን የሚቀበሉት ቄስ ግን የክርስትና ስሙን ያውቁ ነበር።»

«እሱ ለምን አይሄድም ነበር ታዲያ?»

«በምን ፊቱ?» አሉ፤ ወንፊቱንም አነሡ።

ልወጣ ስል ከኋላዬ ተጣሩ። «ላባትህ አትንገረው» አሉኝ። «እሱ አምስት ዓመት ብሎ ነው ያደገ።»

አልነገርኩትም። አባቴ እስኪሞት ድረስ፣ በ1997 ዓ.ም.፣ ሚያዝያ 27 ሲመጣ «አባቴ አምስት ዓመት በዱር በገደል» ይል ነበር፤ እኔም አጠገቡ ቁጭ ብዬ አዎን እል ነበር። እማሆይም ቀድመውት ሄደዋል። አዛውንቱም የሉም። የሚያፍርብኝ ወይም የማፍርበት ሰው ስላልቀረ ነው አሁን የምጽፈው።

ያ ጀርመናዊ በደብተሩ የጻፈውን ላርመው አድራሻውን አልያዝኩም። ምናልባት አንድ ቀን ይህን የሚያነብለት ሰው ቢገኝ፣ ከአሞራው ውብነህ ጋር አልነበረም በሉልኝ። አንድ ዓመት ሙሉም አልሞላም፤ ከክረምቱ መግቢያ እስከ ኅዳር 12 ነው። መንግሥት ግን እንደ ዓመት ቆጥሮለታል።

ሚዜው ልጆች እንደነበሩት እማሆይ ነግረውኛል፤ ከጦርነቱ በኋላ እናትየዋ ይዛቸው ወደ ቋራ ሄደች ይባላል። ከነሱ የተወለደ፣ ‹አያታችን ቁልቋል በር ቀረ› እየተባለ ያደገ፣ ለምን እንደቀረ ደግሞ ያልተነገረው ሰው ይኖር ይሆናል። የሚዜውን ስም እዚህ አልጻፍኩም፤ እናንተ ዘሮቹ ታውቁታላችሁ። ኅዳር 12 ዝክሩ ዛሬም ከእኛ ቤት ይወጣል፤ አሁን የምታወጣው ባለቤቴ ናት። ቤቱ እንፍራንዝ፣ ወደ ጉዛራ ከሚወጣው መንገድ በታች ነው፤ የመምህሩ ቤት ብላችሁ ጠይቁ። ኑ።